አርባ ትንፋሽ

ሙዝ አብሳይ ሲባል ምድጃ ሥር ቆሞ የሚያማስል የሚመስላቸው ሰዎች ነበሩ። ሰውዬው ለእነሱ ማስረዳት ካቆመ ቆይቷል። ሥራው አረንጓዴ ሆኖ የመጣውን ሙዝ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ደርድሮ፣ ወፍራሙን በር ዘግቶ፣ ሙቀቱን እየለካና አየሩን እየቀየረ በአምስት በስድስት ቀን ቢጫ አድርጎ ማውጣት ነው። አንዲት ቀን ቢዘናጋ አራት መቶ ካርቶን ይጠቁራል። እሱ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ካርቶን አላጠቆረም፤ ይህንንም ሳይጠይቁት ይናገራል።

ሙዝ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። ይህን የነገረው አንድ ጊዜ ለሥልጠና የመጣ ባለሙያ ነው። «አንተ ወንበር ላይ ዝም ብለህ ስትቀመጥ ሰውነትህ በደቂቃ ሩብ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይወስዳል» አለው ባለሙያው። «ተነሥተህ ስትሄድ ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ካርቶን ተሸክመህ ስትሮጥማ አሥር እጥፍም ይደርሳል። ይህ ክፍል ሲሞላ ደግሞ ሃያ ሰው ተኝቶበታል ብለህ ቁጠር። እነሱም እንዳንተው ኦክስጅኑን እየወሰዱ የተቃጠለ አየር ይመልሱልሃል። ሰውን የሚጥለውም መጀመሪያ ያ የተቃጠለው አየር ነው።» ከዚያ ወዲህ አብሳዩ ማታ በሩን ሲዘጋ ሃያ እንግዳ አስተኝቶ የሚወጣ ይመስለዋል። ጠዋት ከፍቶ ሃያ ደቂቃ ሳያናፍስ እግሩን አያስገባም ነበር።

የበሩ እጀታ ተነቃይ ነው። ደንቡ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው እጀታውን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፣ ሲወጣ በሩ አጠገብ ካለው መንጠቆ ላይ ይሰቅላል። መንጠቆው ባዶ ከሆነ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። ደንቡን ያወጣው ራሱ አብሳዩ ነው፤ ያበላሸውም እሱ ነው። ሌላ ሰው በሩን በማይሆን ሰዓት ከፍቶ ሙዙን እንዳያበላሽበት ብሎ እጀታውን ኪሱ ውስጥ እንዳለ ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ለመደ። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ከቁልፉ ጋር ያኖረዋል፤ ሚስቱም የጠረጴዛ ልብስ ያቆሸሻል እያለች ከሥሩ ጋዜጣ ታነጥፍለታለች። ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ ባዶ መንጠቆ ያየ ሰው «አለቃ ሄዷል» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አያስብም።

አሁን ደግሞ ወደ ወንድሙ እንምጣ፤ ነገር ከሥሩ ነውና።

ታናሽ ወንድሙ የማቀዝቀዣ መካኒክ ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ግን ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሦስት ዓመት ሞልቷቸዋል። እናታቸው ሳንባዋ ደክሞ ቤት ተኝታ ሳለ በሲሊንደር ኦክስጅን ትረዳ ነበር። በዚያ ቀን ታናሹ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ ታላቁ አዲስ ሲሊንደር ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ሲሊንደሩን ተሸክሞ ሲገባ እናቱ አልፋለች። ያኔ፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ታናሹ ላይ ጣቱን ቀስሮ «ከፍተህ ጨረስክባት» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናቱ «ጨመር አድርግልኝ ልጄ» ብላው ታናሹ የሲሊንደሩን መክፈቻ በጣቱ ትንሽ አዙሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ማሽን መክፈቻ ሲነካ ሦስት ጊዜ ሳያረጋግጥ አይሄድም። ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም።

ሥራ ግን ያገናኛቸዋል። ሲገናኙ የሚነጋገሩት በዘበኛው በኩል ነው። «ቀዝቃዛው በዝቷል በለው» ይላል አብሳዩ፣ ወንድሙ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሞ ሳለ። «ቀዝቃዛው በዝቷል ይላል» ይላል ዘበኛው። «አስተካክለዋለሁ በለው።» «አስተካክለዋለሁ ይላል።» ዘበኛው በዚህ ሥራው ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ አንድ ቀን ቀልዷል። ሁለቱም አልሳቁለትም።

ያ ቅዳሜ ዘበኛው ወደ ውጭ በር የሄደበት ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ሥራ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ እስከ ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ የሚቀረው ዘበኛው ብቻ ነው፣ እሱም ከሬዲዮው ጋር በውጭ በር ባለችው የዘበኛ ቤት ውስጥ። ሌሊቱን የክፍሉ ማራገቢያ ስለቆመ መካኒኩ ተጠርቶ አራት ሰዓት ላይ የዕቃ ሣጥኑን አንጠልጥሎ መጣ። አብሳዩ በሩን ከፈተ። እንግዲህ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ነበረባቸው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ቆሙ፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ የለም። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጫማውን ያያል። አብሳዩ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አየ፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከወንድሙ ጋር ዝም ብሎ መቆም እንዲህ ይከብዳል ብሎ አላሰበም ነበር። እጀታውን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ገባ። መካኒኩም ተከተለው።

በሩ በራሱ የሚዘጋ ነው፤ ክፍት እንዲቆይ ሥሩ የእንጨት ሽብልቅ ይሸጎጥበታል። አብሳዩ ሽብልቁን ኋላ የሚመጣው ያስገባል ብሎ አለፈ። መካኒኩ ደግሞ የቀደመው አስገብቶታል ብሎ ገባ። «ሽብልቁን አስገባህ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል ደግሞ አልነበራቸውም። በሩ ቀስ ብሎ መጣና ከኋላቸው ጥርቅም አለ።

እጀታው የሚገጠመው በውጭ በኩል ብቻ ነው፤ ከውስጥ በሩን የሚከፍት የሚገፋ ዘንግ ነበረ። ዝጎ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። መጠገን የማን ሥራ ነው? የመካኒኩ። ለመካኒኩ ማን ይንገረው? ዝም አይነቅዝም እየተባለ ያደገው አብሳይ ዛሬ ነገ ሲል ዓመቱ አለፈ።

መካኒኩ ዘንጉን ገፋው፤ ባዶ ተመለሰለት። ስልኩን አወጣ፤ ግድግዳው ውስጥም ውጭም ቆርቆሮ ነውና አንድም የኔትወርክ መስመር አልነበረም። የአብሳዩ ስልክ ቢሮ የተሰቀለው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። መካኒኩ ያን ጊዜ መዶሻውን አነሣና በሩን ይቀጠቅጠው ጀመር። ማጠፊያው በውጭ በኩል ስለሆነ ከውስጥ የሚፈታ ነገር የለም። ትከሻውን ሰጠው፣ በእግሩ መታው፣ እንደገና መዶሻውን አነሣ። ሠራተኞቹ ግን ግቢው ውስጥ ሞተር እየጮኸባቸው መኪና ይጭናሉ፤ የሰማው የለም። ፊቱ በላብ ታጠበ፤ ትንፋሹ ክፍሉን ሞላው።

አብሳዩ ቆሞ ያያል። በሆዱ የሚያሰላው ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ሃያ ሰው አድሮበታል፣ በሩ የተከፈተው ለአምስት ደቂቃ ነው። ሃያዎቹ አሁንም እየተነፈሱ ነው፤ ሙዝን ዝም በል አይሉት። ሁለት ሰው ተጨምሯል፤ አንደኛው ደግሞ በዚህ አኳኋኑ የአሥር ሰው ይወስዳል። ለሰኞ ጠዋት ቀርቶ ለማታም አይደርሱም። ወደ ወንድሙ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ተው» አለ። «ቁጭ በል።»

መካኒኩ መዶሻውን እንደያዘ ዞረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሰማው የመጀመሪያ ቃል ትእዛዝ ነበር። ዓይኑ ውስጥ ቁጣው ሲፈላ ታየ።

«አየሩን ትጨርሰዋለህ» አለ አብሳዩ።

ይህን ባይል በተሻለው ነበር። ቃሉ ካፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ፤ ያችው የድሮዋ ቃል ናት። መካኒኩ መዶሻውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ አልወረወረውም፣ አስቀመጠው። ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ሄዶ ለካርቶኖቹ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። አብሳዩም በበሩ ሥር ተቀመጠ።

እንዲህ ሆነው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆዩ። ዝም ማለት የሚያድን ከሆነ እነዚህን ሁለት ሰዎች የሚያክል የተለማመደ አልነበረም። ስድስት ሰዓት ላይ የመኪና ሞተሮች አንድ በአንድ ተነሥተው ሄዱ፤ ድምፃቸው ወፍራሙን በር አልፎ የሩቅ ማጉረምረም ሆኖ ደረሰ። መካኒኩ ራሱን አነሣ። አብሳዩም አነሣ። ከዚያ በኋላ ምንም ድምፅ አልመጣም።

አብሳዩን ራሱን ያመው ጀመር። ተቀምጦ ሳለ ደረጃ እንደወጣ ሰው ያለከልካል። ሳይፈልግ ይተነፍሳል፣ በተነፈሰ ቁጥር የጎደለው አይሞላም። ከወዲያኛው ጥግም ያው ማለክለክ ይሰማዋል። ሁለቱ በአንድ ምት ሲተነፍሱ ይቆዩና አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። ልጅ ሆነው በአንድ አልጋ ሲተኙ የወንድሙን ትንፋሽ እየሰማ እንቅልፍ ይወስደው እንደነበር ትዝ አለው።

መካኒኩ ድንገት ተነሣ። ማራገቢያው ካለበት ማሽን ሥር ተንበረከከና የውሃ መውረጃውን ቱቦ ይዳብሰው ጀመር። ማሽኑ የሚያንጠባጥበው ውሃ በዚያ ቱቦ ወርዶ፣ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጓሮ ይፈሳል። ቱቦው የአውራ ጣት ውፍረት ቢሆን ነው። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የሚነሣ ጉባጭ አለው፤ እዚያ ውስጥ የሚቆመው ውሃ አየር አያሳልፍም። መካኒኩ መፍቻውን አወጣ፤ ሁለት ጊዜ አመለጠው። ጉባጩ ሲፈታ የቆሸሸ ውሃ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ከግድግዳው የሚወጣው ጉራጅ ላይ አፉን ገጥሞ ሳበ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

ከዚያ አፉን አዙሮ በቱቦው ጮኸ። ሦስት ጊዜ ጮኸ። ጓሮው ግን ድመት ካልሆነ ማንም የማያልፍበት፣ በግንብ አጥርና በመጋዘኑ መካከል ያለ ጠባብ ቦታ ነው። መልስ አልመጣም።

መካኒኩ ፈቀቅ አለና ወደ አብሳዩ በጣቱ ጠቆመ። ከዚያ አሥሩን ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየው። አብሳዩ ገባው። በአራት እግሩ እየዳኸ መጣ፤ መቆም አቅቶት ነበር። አፉን ገጠመ። የሻጋታና የዝገት ጣዕም ነበረው፤ ከዚህ በፊት ከቀመሰው ነገር ሁሉ የጣፈጠ ነበር። በአፉ ወደ ውስጥ፣ በአፍንጫው ወደ ውጭ። መካኒኩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትከሻውን በጣቱ መታ እያደረገ ቆጠረለት። አሥር። ተቀያየሩ። አሥር። ተቀያየሩ።

የወንድሙ ደግነት አብሳዩን ሰላም ነሣው። ሰው የበደለው ሰው ትንፋሽ ቆጥሮ ሲሰጠው ዝም ብሎ መቀበል አይችልም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ይህን ጉድ ሆዱ ውስጥ አድርጎ ቢሞት፣ ወንድሙ ከዚህ ቤት ቢወጣ እንኳ እሱ የቀሰረበትን ጣት ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ንግግር አየር እንደሚበላ ያውቃል። ግን ስንት ይበላል? አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ። ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊቆጥበው ነው?

አሥሩን ጨርሶ ቱቦውን ለቀቀ። መካኒኩ ሊገጥም ሲጎነበስ እጁን ያዘው።

«ሲሊንደሩን አንተ አልጨረስከውም» አለ።

መካኒኩ ቀና አለ።

«እኔ ነኝ የዘገየሁት።» በየቃሉ መካከል ያለከልካል። «እጀታው ኪሴ ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ ሳለሁ ከመጋዘን ደወሉ። በሩን መክፈት አልቻልንም፣ ሙዙ ሊበላሽ ነው አሉኝ። ተመለስኩ። ከፈትኩላቸው። ከዚያ ነው ሲሊንደሩን ላመጣ የሄድኩት። አርባ ደቂቃ። ባልዘገይ ኖሮ ያንተው ሲሊንደር ሳያልቅ እደርስ ነበር። ከእናቴ በፊት ለሙዝ አየር ሰጠሁ።» ዕንባው ይወርዳል፤ ሊጠርገው አልሞከረም። «ስገባ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ፈራሁ። አንተ ላይ ጣልኩት።»

መካኒኩ አየው። ከዚያ እጁን አስለቀቀና አፉን ቱቦው ላይ ገጠመ።

አብሳዩ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአሥር ይለቅልኛል ብሎ ተዘጋጀ። አሥር ሆነ። መካኒኩ አልተነሣም።

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።

ተሳስቶ ይሆናል አለ በልቡ። በአሥራ አምስት ግን እንዳልተሳሳተ ገባው። የመካኒኩ ጀርባ እንደ በሩ ተዘግቷል። አብሳዩ ትከሻውን ሊነካው እጁን አነሣና መለሰው። ምን ብሎ ነው የሚነካው? ሃያ። ክፍሉ ዞረበት። ካርቶኖቹ ሲቀርቡትና ሲርቁ ይታየዋል፣ ደረቱ በራሱ ፈቃድ ይወጣል ይወርዳል። ሃያ ስድስት። ጎኑን ወደ ወለሉ ጣለ። መሞት ፈርቶ ነበር፤ አሁንም ይፈራል፣ ግን በወንድሙ ላይ የሚናገረው ነገር አልነበረውም። ሠላሳ ሦስት። መቁጠሩን ቢያቆም የሚጠፋ መሰለውና ቆጠረ። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ።

አርባ ላይ መካኒኩ ዞረ። የአብሳዩን አንገትጌ በሁለት እጁ ጨምድዶ ጎተተውና አፉን ከቱቦው ላይ አስገጠመው።

ወንድሙም ሲቆጥር እንደነበር አብሳዩ ያን ጊዜ አወቀ። ለእያንዳንዷ ደቂቃ አንድ ትንፋሽ አስከፍሎታል። አንድም አልጨመረበትም።

ከዚያ በኋላ እንደገና በአሥር በአሥር ሆነ። ስንት ዙር እንደሄደ አላወቁም። አብሳዩ ሲዳከም መካኒኩ ራሱን ደግፎ ይዞለት ነበር፤ መካኒኩ አንድ ጊዜ ቱቦው ላይ እንዳለ ዓይኑ ሲከደን አብሳዩ በጥፊ አነቃው።

በሩ በኩል ብረት ብረትን ሲመታ የሰሙት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ማጠፊያዎቹ አንድ በአንድ ተነቀሉና ወፍራሙ በር ወደ ውጭ ወደቀ። ብርሃኑና አየሩ አንድ ላይ ገቡ።

በበሩ ላይ ዘበኛው ድጅኖ ይዞ፣ የአብሳዩ ሚስት ደግሞ ነጠላ ጫማዋን አንዱን ብቻ አድርጋ ቆመው ነበር። ለምሳ ብትጠብቀው ቀረ። ብትደውል አያነሣም። መጥታ ዘበኛውን ብትጠይቀው «አለቃማ ሄዷል፤ ይኸው መንጠቆው ባዶ ነው» አላት። እሷ ግን በየቀኑ ለእጀታው ጋዜጣ የምታነጥፍ ሴት ናት። «እጀታው ቤት አልገባም» አለችው። «እጀታው ካልገባ እሱም አልወጣም። ስበር።»

ወንድማማቾቹ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ሚስቱ ባሏን አንዴ ታቅፈዋለች፣ አንዴ ትገስጸዋለች። ዘበኛው እኔ በየት አውቄ እያለ ለማንም ሳይሆን ይምላል። አብሳዩ አየሩን ዝም ብሎ ይስበዋል። ማንም አይቆጥርበትም፤ ሆኖም ልቡ አልተረጋጋም። ወንድሙ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ላይልም ይችላል፣ መብቱ ነው።

መካኒኩ ተነሣ። ተመልሶ ገብቶ መዶሻውንና መፍቻውን ሰብስቦ ሣጥኑ ውስጥ ከተተ። የማሽኑን መክፈቻ ዘጋው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነካውና ትቶት ወጣ። አጠገባቸው ሲደርስ ቆመ።

«ሰኞ እመጣለሁ» አለ። «ማራገቢያው አላለቀም። የውስጡንም ዘንግ እቀይረዋለሁ።» ሣጥኑን ወደ ሌላው እጁ አዛወረና «ጋሼ፣ እጀታውን መንጠቆው ላይ ስቀለው» አለ።

ዘበኛው በልማዱ ወደ አብሳዩ ዞረ። «ሰኞ እመጣለሁ ይላል፤ ዘንጉንም...»

«ሰምቼዋለሁ» አለ አብሳዩ። በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ ተነሣና እጀታውን ከኪሱ አውጥቶ ሊሰቅለው ሄደ።